ለሜታሊካ መቀስ ስጡልኝ

የአሜሪካው የሄቪ ሜታል ባንድ የሜታሊካ የቅርብ ጊዜ አልበም «ሰቨንቲ ቱ ሲዝንስ» ጥሩ አልበም ነው። ይህን ቀድሜ ልናገርና ወደ ቅሬታዬ ልግባ። አያልቅም!

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ይህ ሥራ 12 ዘፈኖች አሉት፤ ርዝመቱ 77 ደቂቃ ነው። ርዕሱ የሰውን የመጀመሪያ 18 ዓመታት ይመለከታል፦ በዓመት አራት ወቅት፣ ሲባዛ 72። የባንዱ ድምፃዊ ጄምስ ሄትፊልድ ያኔ ወደ 60 ዓመት እየተጠጋ ነበር፤ ስለ ልጅነት ቁስሉ ይዘፍናል። አባቱ ጥሎት የሄደ፣ እናቱንም በ16 ዓመቱ በሞት ያጣ ሰው ነውና ስለ ጨለማ ሲያወራ አምነዋለሁ። ድምፁም በዚህ ዕድሜ እንዲህ መቆየቱ ይገርማል።

ግን «ኢፍ ዳርክነስ ሃድ ኤ ሰን»ን ስሙት። ድራሙ እየተንደረደረ ይመጣል። ጊታሩ አንዲት ከባድ ሐረግ ይዞ ይዞራል፣ ደግሞ ይዞራል። ድምፃዊው «ፈተና» የምትለዋን ቃል ብቻዋን እየደጋገመ ይጠራታል። መጀመሪያ ላይ ፀጉር ያቆማል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ስንደርስ ግን ያው ምት፣ ያው ጊታር ነው። እጅ እጅ ይላል። ሁለት ደቂቃ ቢቀነስለት ምን ይጎድልበት ነበር? ምንም።

ይህ አመል ዛሬ የመጣ አይደለም። «ማስተር ኦፍ ፓፔትስ» በ1986 ሲወጣ 8 ዘፈኖች ነበሩት፤ ሁሉም ተደምረው 55 ደቂቃ አይሞሉም። ያኔ ሙዚቃ ገና በሸክላም ይወጣ ነበር። በሸክላ አንድ ፊት ላይ ብዙ ደቂቃ ከታጨቀ ድምፁ ይሳሳል። ስለዚህ ባንዶች ወደዱም ጠሉም ይመርጡ ነበር። ከዚያ ሲዲ ነገሠ፣ ቦታው ሰፋ። በ1996 የወጣው «ሎድ» 79 ደቂቃ ገደማ ነው። የአልበሙ መዝጊያ «ዘ አውትሎው ቶርን» አንድ ደቂቃ ያህል የተቆረጠለት ሲዲው ስለሞላ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በቃ ያላቸው ፕላስቲኩ ነው! ከዚያ ወዲህ ካወጧቸው የራሳቸው አዳዲስ የስቱዲዮ አልበሞች ከ74 ደቂቃ በታች የሆነ አንድም የለም። አሁን ደግሞ ዘፈን በስልክ የሚሰማበት ዘመን ነው፤ ማን ያስቆማቸዋል?

«ካልጣመህ እለፈው» የሚሉኝ አድናቂዎች አሉ። ማለፉንስ አልፈዋለሁ። የሚያናድደኝ የአልበሙ ምርጥ ነገር መጨረሻው ላይ መቀመጡ ነው። «ቱ ፋር ጎን?» አሥረኛ ነው። አጭር ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሁለቱ ጊታሮች ጎን ለጎን ዜማ ይዘው ሲወጡ የድሮዎቹ ልጆች ተመልሰው የመጡ ይመስላል። «ሩም ኦፍ ሚረርስ» ይከተለዋል፤ እሱም ያው ነው፣ እሳት። ግን እዚያ እስኪደረስ ስንቱ አድማጭ ደክሞት ዘግቶታል?

የመጨረሻው «ኢናሞራታ» ነው። ከ11 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ ባንዱ በታሪኩ ከሠራቸው የራሱ ዘፈኖች ሁሉ ረጅሙ። እንዲህ ስነጫነጭ ቆይቼ ይሄኛውን የምጠላ መስሏችሁ ይሆናል። ኧረ በጭራሽ! ዘፈኑ ሐዘንን እንደ ፍቅረኛ ያናግራታል፤ ሊለያት ይፈልጋል፣ ደግሞ አይችልም። መሃሉ ላይ ሁሉም ዝም ይልና የሮበርት ትሩሂዮ ቤዝ ጊታር ብቻውን ይቀራል። ሄትፊልድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባል፣ ቀስ እያሉ ጊታሮቹ ይመለሳሉ። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ደቂቃ ሥራ አለው። ርዝመቱ ትዝ አይልም። «ክራውን ኦፍ ባርብድ ዋየር» ከግማሹ ብዙም አይበልጥም፤ እኔ ግን የሚረዝመው እሱ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ የጊታሪስቱን የከርክ ሃሜትን ዋህ ፔዳል (በእግር እየተረገጠ ጊታሩን «ዋ ዋ» የሚያሰኘውን መሣሪያ) ለአንድ አልበም ያህል የሚደብቅልን ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል። ሶሎዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጩኸት ሆነውብኛል።

ከእኔ ብትጠይቁ «ክራውን ኦፍ ባርብድ ዋየር» እና «ቼዚንግ ላይት» ይውጡ። «ዩ መስት በርን!» ከነክብደቱ ይቆይ፣ ግን ሰባት ደቂቃው አምስት ይሁን። የርዕሱ ዘፈንም መንደርደሪያው ይጠርለት። «ሉክስ ኤተርና» ሦስት ደቂቃ ተኩል እንኳ ሳይሞላ ጨርሶ ስለሚሄድ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። «ኢናሞራታ»ን ግን ማንም እንዳይነካብኝ።