ባለ እጀታው ቤተ መዘክር

መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ፣ መስታወቱ ሥር፣ አንድ የፀጉር ብሩሽ አለ። ማን እንደገዛው አይታወቅም። እናቴ «አባትሽ ነው» ትላለች። አባቴ «ቤቱን ስንከራየውም እዚሁ ነበር» ይላል። ቴሌቪዥናችን ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ምጣዱ ተቀይሯል። የበሩ ቁልፍ እንኳን ተቀይሯል። እሱ ግን አንድ ቀን ውሃ ሳይነካው ቦታውን ይዞ አለ። ዛሬ የተነሳሁት ላመሰግነው ነው። ይህን ያህል ዘመን አገልግሎ አንድ ሰው እንኳን ምስጋና አለመጻፉ ነውር ነው።

የእናንተ ቤት ጉድ ነው እንዳትሉኝ። እስቲ ሂዱና የራሳችሁን አምጡት። እጠብቃለሁ።

አያችሁት? በሉ አብረን እናመስግን።

እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከአፄ ቴዎድሮስ ራስ ፀጉር ቆርጠው ወሰዱ። ሁለት ቁንዳላ ነው። 150 ዓመት ግድም ቆይቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ለንደን ያለው ብሔራዊ ጦር ሙዚየም መለሰልን። የያኔዋ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር እዚያ ድረስ ሄደው ተረከቡ። ደግ አደረጉ፣ ደስ ብሎናል። ግን ለሁለት ቁንዳላ ያ ሁሉ ሙዚየም ምን ያደርጋል? የኛ ብሩሽ ያለ መስታወት ሣጥን፣ ያለ ዘበኛ፣ ያለ በጀት የስድስት ሰው ፀጉር ይዞ ተቀምጧል። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍለታል። በስድስት ሰው፣ በስንት ዓመት፣ እናንተው አስሉት። ታላቅ ወንድሜ ዱባይ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ ግን እዚሁ ነው። እናቴ ሲናፍቃት ፎቶውን አውጥታ ታያለች። ምን ፎቶ ያስፈልጋታል!

አንድ እሁድ ጠዋት ብሩሹን ይዤ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። በጥርሶቹ መሀል የመንዝ ባና የመሰለ ግራጫ ነገር ተነጥፏል። ጥርሶቹ ጫፍ ላይ የነበሩት ትንንሽ ድቡልቡል ነገሮች ግማሾቹ ወልቀዋል፤ ስለዚህ ሲያበጥሩበት እስከ ራስ ቅል ይሰማል። ማሳጅ ነው፣ በነፃ። ከሥር ከሥር ደግሞ ንብርብሩ አለ። መጨረሻ ላይ ያለው የአክስቴ ሠርግ ሰሞን የተቀባነው ለጋ ቅቤ ነው። ከሱ በላይ ቫዝሊን። ከሱ በላይ የኮኮናት ዘይት። አናቱ ላይ የዘንድሮው አለ። ዘንድሮ መቼም ቲክቶክ ፀጉር ያሳድጋል ያለውን ሁሉ እየደፋን ነው፤ የሽንኩርት ጭማቂ፣ የአብሽ ውሃ፣ የጥብስ ቅጠል ፍል። ብሩሹን ጠጋ ብላችሁ ብታሸቱት ቅቤው አለ፣ ሽንኩርቱ አለ፣ የጥብስ ቅጠሉ አለ። የጎደለው ሥጋው ብቻ ነው። ለሱም ፎረፎሩ አለ።

ደግነቱን ደግሞ ተመልከቱ። አባቴ ለቅሶ ሊሄድ ሲል የኮቱን ትከሻ የሚያራግፈው በሱ ነው። ትንሹ ወንድሜ ፍሪዙን የሚያቆመው በሱ ነው። እንግዳ መጥቶ «ማበጠሪያ ይኖራችኋል?» ካለ እናቴ «እንዴታ!» ብላ ትነሳለች። ለእንግዳው ፎጣ ከቁም ሣጥን ይወጣል፣ አዲስ፣ ናፍታሊን የሚሸት። ብሩሹ ግን ያው ነው። ለእንግዳ ብለን አንለውጠውም፤ እንደ ቤተሰብ ነው የምናየው።

አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል። እናቴ መንገድ ላይ የተበጠሰ ፀጉሯን አትጥልም። ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ክፉ ሰው አንስቶ መተት እንዳያሠራበት ነው። የቆረጠችውን ጥፍር እንኳን ቆጥራ ነው የምትቀብረው። የመላው ቤተሰብ ፀጉር ግን ገቢ ወጪው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ በአንድ እጀታ፣ ተጠርዞ ተቀምጧል። መተተኛ ቢመጣ ስድስታችንን በአንድ ክፍያ ይጨርሰን ነበር።

ፀጉር ቤትማ የጥበቡ ቁንጮ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ዕለት ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ ብሩሹን ከፊቴ ከነበረችው ሴት ራስ ላይ አነሳችና ቀጥታ ወደኔ። መሀል ላይ አንድ ሥነ ሥርዓት አለ፤ አልክድም። የተጠቀለለውን ፀጉር በሁለት ጣቷ መዥረጥ አድርጋ ወለሉ ላይ ጣለችው። ጸዳ። «ብሩሹ የማነው?» አልኳት። ክሊፑን በጥርሷ እንደነከሰች «የቤቱ ነው የኔ ቆንጆ» አለችኝ። የቤቱ! ዞር ብዬ ካስክ ውስጥ የተደረደሩትን ሴቶች አየሁ። ለካ ዘመዳሞች ነን።

ሐኪሞች ግን ምቀኞች ናቸው። ቆረቆር ማበጠሪያ በመዋዋስ ይተላለፋል፣ ፈንገሱም ብሩሽ ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል ይላሉ። ቅማል ደግሞ ከሰው ራስ ከወረደች ደም ስለማታገኝ በሁለት ቀን ግድም ትሞታለች ይላሉ። ይሄ እንግዲህ ብሩሽ የግል በሆነበት አገር ነው። የኛን ብሩሽ የተሳፈረች ቅማል ሁለት ሰዓት አትጠብቅም። ታክሲ ነው እኮ! እናቴ ወራጅ፣ አክስቴ ገባች፣ «ሞላ፣ ሳበው!»

ንጽህና አያውቁም የሚለን ካለም ሐሜተኛ ነው። ቡና ስናፈላ ከአቦል ወደ ቶና ለማለፍ ሲኒው ይለቀለቃል። ጫማችንን ሊስትሮ ሳያየው ቢሮ አንገባም። ሊስትሮውን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ብሩሹን ሣጥኑ ላይ ኳ ኳ ያደርጋል። አቧራው ይራገፋል፣ እናንተም እግር ትቀይራላችሁ። ለእግር ነው ይሄ ሁሉ። ራስ ግን ራሱን ይችላል።

በዚህ ሁሉ መሀል ከሃዲዎች አልጠፉም። በየሳምንቱ ፀጉሩን ነቅለው፣ በወር አንዴ ብሩሹን የሚያጥቡ ሰዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ማበጠሪያ የሚገዙም አሉ፤ የነሱን እንኳን ተዉት። ልናዘዝ፤ አንዷ ከሃዲ እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሁሉም ሠርግ ሄደው ብቻዬን ቀረሁና ቅርሱን አወደምኩት።

መጀመሪያ ጅራታም ማበጠሪያ ፈልጌ ጅራቱን ከግራጫው ነገር ሥር ከተትኩ። ቀስ እያልኩ ጥግ ጥጉን አላቀቅኩት። በደንብ እንደበሰለ እንጀራ አንድ ላይ ተነሳ። ዓይን አልነበረውም እንጂ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በትንሽ ሳፋ፣ ጠብታ ሻምፖ፣ አንድ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ። ብሩሹን ሙሉ በሙሉ አልዘፈዘፍኩትም። ጥርሶቹ የተተከሉበት ላስቲክ ትንሽ ቀዳዳ አላት፤ በሷ ውሃ ከገባ አይወጣም፣ ውስጥ ውስጡን ይሸታል። የእንጨት ሚዶም ቢሆን ውሃ ውስጥ ካደረ ያብጥና ይሰነጠቃል። መዘፍዘፉን የሚችለው ጠንካራው የፕላስቲክ ማበጠሪያ ነው። ቅማል የገባበት ቤት ከሆነ እሱ ከ54 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቀመጣል። እኔ በጥርስ ብሩሹ ሥር ሥሩን ብቻ ፈተግኩ። የመጀመሪያው ውሃ ጠላ መሰለ። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛው ላይ ቅራሪ ሆነ።

ያን ጊዜ ነው ጉዱን ያየሁት። ብሩሹ ቡናማ አይደለም። ሮዝ ነው። እጀታው ላይ ቢራቢሮ አለችው። ዕድሜዬን ሙሉ ተበጥሬበታለሁ፤ ቢራቢሮዋን ያየኋት ያን ቀን ነው። ጥርሱን ወደ ታች አድርጌ ፎጣ ላይ ደፋሁትና ተኛሁ።

ጠዋት ቤቱ ተተራምሷል። እናቴ «ብሩሹን ማን ወሰደው?» ትላለች። አባቴ ኮቱን በክንዱ እንደያዘ ሶፋ ሥር ጎንበስ ብሏል። ትንሹ ወንድሜ «እኔ አልነካሁም!» ይምላል። እኔም ምንም እንዳላደረገ ሰው «ይሄስ?» ብዬ ፎጣው ላይ ያለውን አሳየኋቸው።

አክስቴ ቀረበች። በሁለት ጣቷ ጫፍ አንስታ አገላብጣ አየችው። መልሳ አስቀመጠችውና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«የሰው ማበጠሪያማ ራሴን አላስነካም» አለች። «ስንት በሽታ አለ።»