መብራት ሲመጣ እጅህ የት ነበር?

በአንድ የእንጨት ሥራ ሼድ ውስጥ ማሽኒስት ሆኜ ስሠራ መብራት ጠፋ። ፒያላው፣ ማለትም የመላጊያው ማሽን፣ የባሕር ዛፍ ጣውላ ጎርሶ ቀጥ አለ። ማጥፊያውን ሳልነካ የተሰነቀረውን ስንጥር ላወጣ እጄን ሰደድኩ። መብራት መጣ። የግራ አመልካች ጣቴ ዛሬ ጥፍር የላትም። አለቃዬ ሐኪም ቤት ካደረሰኝ በኋላ የተናገረው አንድ ነገር ነበር፤ «ምነው ቀድመህ ብታጠፋው?» ልክ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ግን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መብራት ሲቋረጥ አብሮ የሚጠፋ፣ ሲመለስ ደግሞ ሰው ቁልፉን ካልተጫነው የማይነሳ ማብሪያ አለ። ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ማግኔት ሆኖ መገናኛውን ይይዛል፤ ሲያጣ ይለቀዋል። ኤሌክትሪሺያኖቻችን ኮንታክተር የሚሉት ነው። በየማሽን ቤቱ የማየው ግን እንደ ሳሎን መብራት የሚበራ የሚጠፋ ማብሪያ ነው፤ ወይም ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ማብሪያ ተበላሽቶ ሽቦው በቀጥታ የተቀጠለበት።

ማሽኒስትነት እኛ ዘንድ በጆሮ የተወረሰ ሙያ ነው። ቃላቱን ስሟቸው፤ ፒያላ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ቺንጋ፣ ሳጋቱራ። ከጣሊያን አፍ ሰምተን ያስቀረናቸው ናቸው። ልጁ መጀመሪያ ሳጋቱራ፣ ማለትም የእንጨት ብናኝ፣ ይጠርጋል፤ ቀጥሎ ከማሽኑ ጀርባ ቆሞ ጣውላ ይቀበላል፤ አንድ ቀን ማሽኒስቱ ሲቀር ከፊት ይቆማል። በቃ፣ ሠለጠነ።

የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የእንጨት ሥራ ያስተምራሉ፤ አልካድኩም። የትብብር ሥልጠናው ሐሳብም፣ 70 በመቶውን ጊዜ በድርጅት፣ 30 በመቶውን በተቋም የሚለው፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ባለ ድርጅቱ የተላከለትን ሠልጣኝ ማሽን ላይ ማቆም ይፈራል (ባይፈራ ይገርመኝ ነበር)፤ ሠልጣኙም ያንን 70 በመቶ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ ይከርማል። ከዚያ ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ ይፈተናል።

እኔ ፈታኝ ብሆን ክብ መጋዙ ዘንድ አቆመውና ከዲስኩ ጀርባ ስለምትቆመው ቀጭን ብረት እጠይቀው ነበር። ባሕር ዛፍ በውስጡ ውጥረት የያዘ እንጨት ነው። ሲሰነጠቅ ይጣመማል፣ የተከፈተውን መስመር መልሶ ይዘጋል፤ ዲስኩን ሲነክሰው ዲስኩ ጣውላውን ወደ ሰውየው ሆድ ይወረውረዋል። ያቺ ብረት መስመሩ እንዳይዘጋ ትይዛለች። እኛ ዘንድ ግን ማሽኑ በገባ ሰሞን ተፈትታ የምትጣለው እሷ ናት፤ «ሥራ ታጓትታለች» ይባላል። ዋንዛ የለመደ እጅ በባሕር ዛፍ የሚሸወደው በዚህ ነው።

ጓንትም አለ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ጓንት ያላጠለቀው ሠራተኛ ይወቀሳል። ከሚሽከረከር መጋዝ አጠገብ ግን ጥርሱ የጓንቱን ክር ይይዝና እጅን ይዞ ይገባል፤ ባዶ እጅ ይሻላል። የሚያስፈልገው የአፍንጫ ጭንብል ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ ከመደበ ቆይቷል፤ እኛ ግን ብናኙን አክ ብለን ተፍተን ወተት እንጠጣበታለን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያሳውቅ፣ መከላከያም እንዲያቀርብ ያዛል። በሼዶቹ ውስጥ ያለው አሠሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትናንት ሳጋቱራ ሲጠርግ የነበረው ልጅ ነው። ያልተነገረውን ከየት አምጥቶ ይናገር? ስለዚህ ከቅጣት ይልቅ ማሽን በሊዝ የሚሰጡትን ተቋማት ተስፋ አደርጋለሁ። ቅድመ ክፍያ ይጠይቃሉ፣ ንግድ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ኮንታክተር የሌለውን ማሽን አናስረክብም ቢሉ፣ ከባለቤቱ ሌላ ማሽኑን የሚነዳው ሰውም ቀርቦ ይፈተን ቢሉ፣ ከስንት ዓመት ስብሰባ የተሻለ ሥራ ይሠራሉ።

አሁን በምሠራበት ቤት ግድግዳው ላይ በጠመኔ «መብራት ከጠፋ መጀመሪያ ማጥፊያ» ብዬ ጽፌያለሁ። ረዳታችን ማንበብ ስለማይችል በቃሉ አስጠንቼዋለሁ፤ ኮንታክተሩ እስኪገዛ።