ኪሎ ቀነሰ ሲባል፣ ከምኑ?

ሐዋሳ ውስጥ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባቸው አረጋውያን ከክሊኒክ ሲመለሱ ይዘውት የሚመጡት ምክር ያው ነው፦ «ክብደት ይቀንሱ»። ምክሩ ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። አክስቴ ይህን ሰምተው እራት ተዉ፣ የጠዋቱን ወተት በጥቁር ሻይ ለወጡ። ቀሚሳቸው ሲሰፋ ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ!» አላቸው።

ሚዛን ኪሎውን እንጂ ከየት እንደሄደ አይናገርም። ምግብ ሲጎድል ከስብ ጋር ጡንቻም አጥንትም ይሄዳል። አጥንት የሚጠነክረው ሸክም ሲያርፍበት ስለሆነ ሰውነት ሲቀልል እሱም ይሳሳል። የወር አበባ ካቆመ በኋላ ደግሞ የሴቶች አጥንት ድሮም እየሳሳ ነው።

በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 107 ወፍራም ሰዎች ለአንድ ዓመት ተጠንተው ነበር። ምግብ ብቻ የቀነሱት የዳሌ አጥንታቸው ጥግግት በ2.6 በመቶ ወረደ፤ ስፖርት የጨመሩበት 1.1 በመቶ ብቻ አጡ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የወረደው በዓመት ውስጥ ነው፣ ያውም በስተርጅና ሲሰበር አልጋ ላይ በሚያውለው አጥንት ላይ።

«ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር እሄዳለሁ» የሚል ይኖራል። ደግ ነው፤ ለልብ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ግን ምግብ እየቀነሱ እንደ እርምጃ ያለ እንቅስቃሴ ብቻ የሠሩት ከዳሌ አጥንታቸው 3 በመቶ ገደማ ሲያጡ፣ እንደ ብረት ያለ ከባድ ነገር እያነሱ የሠሩት 1 በመቶ እንኳ እንዳላጡ አሳይቷል። ጂም የወጣት ነው ካላችሁ ግማሽ ውኃ ያለበት ትንሽ ጄሪካን ማንሳት፣ እጅ ሳያስደግፉ ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ ይቻላል።

ከገበታው መቀነስ ያለበት ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ለስላሳው፣ ነጭ ዳቦው ነው። ወተትና እርጎ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ የአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ይቆይ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ ትቻለሁ።) ከ50 ዓመት በላይ ያለች ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህሉን ይሰጣል። አክስቴ መጀመሪያ የተዉት እሱን ነበር።

ሐኪሞቻችን ለአረጋዊ «ቀንሱ» ሲሉ የማይቀነሰውንም አብረው ይንገሩ። ከዚህ በፊት በትንሽ መውደቅ አጥንቱ የተሰበረ ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን አጥንት የሚያሳሳ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ ምግብ ከመቀነሱ በፊት ስለ አጥንቱ ይጠየቅ።