ቡትሎደሩ ሁሉን በአንድ ቋት ማጎሩን ይተው

አዲሱ ቡትሎደር፣ መሣሪያው ሲበራ ቀድሞ ተነስቶ ከርነሉን (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ፍላሹ ላይ ተጽፏል፤ ሲፈተሽም ልክ ነው። መሣሪያው ሲነሳ ግን የሚከተለው ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈውን የአነሳስ ትእዛዝ ነው። አዲሱ ስሪት ከርነሉን ከሁለት ፓርቲሽኖች አማርጦ እንዲያነሳ ተሠርቶ ሳለ መሣሪያው ዛሬም የሚያውቀው ፓርቲሽን 2ን ብቻ ነው። በሊኑክስ የሚሠሩ ራውተሮችን፣ የክፍያ ማሽኖችን ወይም የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎችን የሚከታተል ሰው ይህ ሳይገጥመው አይቀርም። የማሻሻያ ፕሮግራሙ ጥፋት የለበትም። ዩ-ቡት የተባለው ቡትሎደር «ሴቭኤንቭ» (አስቀምጥ) በተባለ ቁጥር በሚሞሪ ያለውን ተለዋዋጭ በሙሉ፣ ከራሱ ጋር የመጣውን ዲፎልት ጭምር፣ ጠቅልሎ ይጽፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ደግሞ የሚሰማው የተጻፈውን እንጂ አብሮት የመጣውን አይደለም።

የኢንቫይሮመንት፣ ማለትም የእነዚህ ተለዋዋጮች ስብስብ፣ አያያዝ ይሻሻል ሲባል ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ማከማቻው ነው። ሲአርሲው (ዳታው መበላሸቱን የሚያሳብቀው የመፈተሻ ቁጥር) በጠንካራ ሃሽ ይተካ፣ ከጥሬ ፍላሽ ወደ ፋይል ሲስተም ይዛወር፣ ሦስተኛ ቅጂ ይጨመር ይባላል። ይህ ሁሉ ቢደረግ እንኳ ከላይ ያለው ችግር ንክች አይልም። መጀመሪያ መመለስ ያለበት «ምን ይቀመጥ?» የሚለው ነው።

አሁን ያለው አቀማመጥ ቀላል ነው። መጀመሪያ 4 ባይት ሲአርሲ32 አለ፤ መጠባበቂያ ቅጂ ካለ 1 ባይት ምልክት ይከተላል፤ ከዚያ «ስም=ዋጋ» እየተባሉ በዜሮ ባይት የተለያዩ ጽሑፎች ይመጣሉ፤ መዝጊያው ድርብ ዜሮ ነው። ሲአርሲው የሚሰላው በተመደበው የዳታ ቦታ ሁሉ ላይ ስለሆነ 300 ባይት ብቻ ቢጻፍም ባዶው ቦታ አብሮ ይቆጠራል። የዋጋ ዓይነትም ሆነ የስሪት ቁጥር ከዳታው ጋር አይቀመጥም። ማን እንደጻፈውም አይታወቅም። ቮልፍጋንግ ዴንክ ለፓወርፒሲ ቦርዶች የጀመረው ፒፒሲቡት በ2002 እ.ኤ.አ. ዩ-ቡት የሚለውን ስም ሲይዝ ይህ በቂ ነበር። ተለዋዋጭ የሚቀይረው በሲሪያል ገመድ የተገናኘ ኢንጂነር ነበርና ስህተቱን እዚያው ያየዋል። ዛሬ የሚቀይረው ማንም በሌለበት፣ በእኩለ ሌሊት የሚሠራ የማሻሻያ ፕሮግራም ነው።

በዚያ የኢንቫይሮመንት ቋት ውስጥ ጠባያቸው የማይገጥም ሦስት ነገሮች አብረው ይኖራሉ። የአነሳስ ስክሪፕቱ ከቡትሎደሩ ኮድ ጋር አብሮ መለወጥ አለበት። የመሣሪያው ማንነት፣ ማለትም ማክ አድራሻው (የኔትወርክ መለያው) እና መለያ ቁጥሩ፣ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ተጽፎ ዳግም መነካት የለበትም። የአነሳስ ሁኔታው፣ ከሁለቱ ፓርቲሽኖች የትኛው ይነሳ፣ ስንት ጊዜ ተሞከረ የሚለው፣ በየቡቱ ሊለወጥ ይችላል። አንዱን ለማዳን የሚደረገው ሌላውን ይጎዳል። ያረጀውን ስክሪፕት ለማስወገድ ሁሉንም ወደ ዲፎልት መልሶ ማስቀመጥ ማክ አድራሻውንም ጠርጎ ይወስዳል። ቡትሎደሩ ማክ ሲያጣ የዘፈቀደ አድራሻ እንዲፈጥር ተደርጎ ከተገነባ መሣሪያው በተነሳ ቁጥር ሌላ አድራሻ ይዞ ይመጣል፤ ዲኤችሲፒ አዲስ አይፒ ይሰጠዋል፤ የተፈቀዱ አድራሻዎች ዝርዝር ባለበት ኔትወርክ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ዲፎልት ውስጥ የሌሉትን እንዳይነካ የሚያደርግ አማራጭ ኋላ ላይ ለትእዛዙ ተጨምሯል፤ ጥሩ ነው። ሜዳ ላይ ያለው አሮጌ ቅጂ ግን ያን አማራጭ አያውቀውም።

የአነሳስ ሁኔታው ቆጠራ የሚያመጣውን ድካም በቁጥር ማየት ይቻላል። የተለመደ ኖር ፍላሽ (ቡትሎደር የሚቀመጥበት አንዱ የፍላሽ ዓይነት) አንድ ሴክተር ወደ 100,000 ጊዜ ያህል ተሰርዞ መጻፍን ይችላል። ከርነሉ ተበላሽቶ ዋችዶጉ (መሣሪያው ሲቆም ዳግም የሚያስነሳው ሰዓት ቆጣሪ) በየደቂቃው ሪሴት የሚያደርገው መሣሪያ በቀን 1,440 ጊዜ ይነሳል። የቡት ቆጣሪው በየቡቱ ከተጻፈ ሴክተሩ በ69 ቀን ዕድሜውን ይጨርሳል፤ ሁለት ቅጂ እየተፈራረቀ ቢጻፍ 139 ቀን ገደማ ይቆያል። ለዚህ ነው ዩ-ቡት ቆጣሪውን ኢንቫይሮመንት ውስጥ ሲያኖር ማሻሻያ በሂደት ላይ መሆኑን የሚገልጽ ተለዋዋጭ ካልተሰየመ በስተቀር የማይጽፈው። ብልህ መላ ነው፤ ግን ቆጣሪው ከማሻሻያ ውጭ ለሚመጣ ብልሽት አይደርስም ማለት ነው። አንድ ባይት ለመለወጥ 64 ኪሎባይት መሰረዝም ራሱ አደጋ አለው። ስረዛው እስከ 2 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል፤ መብራት በዚያ መሃል ከጠፋ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መሣሪያ ያለውን ሁሉ ያጣል። መብራት ሳያስጠነቅቅ በሚጠፋበት አገር ይህ ከቁም ነገር የሚቆጠር ዕድል ነው።

መጠባበቂያ ቅጂው የሚታመነውን ያህል አይደለም። ኤስፒአይ በተባለ መስመር የሚገናኝ ኖር ላይ ዩ-ቡት አዲሱን ቅጂ «ንቁ» በሚል ምልክት ይጽፋል፤ ከዚያ ወደ አሮጌው ተመልሶ «ያለፈበት» የሚለውን ባይት ያሰፍራል። በሁለቱ እርምጃዎች መካከል ኃይል ቢቋረጥ ሁለቱም ቅጂዎች ንቁ ናቸው፤ ሲአርሲያቸውም ትክክል ነው። የሚያነበው ኮድ ምልክቶቹ እኩል ሲሆኑበት የመጀመሪያውን ቅጂ ይይዛል። አዲሱ የተጻፈው ሁለተኛው ላይ ከነበረ የተደረገው ለውጥ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይሰረዛል። ኢኤምኤምሲና ናንድ በተባሉት ሌሎች የፍላሽ ዓይነቶች ላይ ምልክቱ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር ስለሆነ ይሻላል፤ ከ255 ወደ 0 ሲዞር ያለውንም ኮዱ ለይቶ ያያል። ባለ 1 ባይት መሆኑ ግን ባይት ከመቆጠብ ሌላ ምክንያት ያለው አይመስልም።

ከሊኑክስ በኩል ያለው ነገር ይብሳል። ኢንቫይሮመንቱን ከሊኑክስ የሚያነበውና የሚጽፈው ፕሮግራም ቡትሎደሩ የት እንደጻፈ የሚያውቀው በእጅ ከተሞላ የማዋቀሪያ ፋይል ነው፤ ፋይሉም የፍላሹን ስም፣ መነሻ ቦታውን፣ የኢንቫይሮመንቱን መጠንና የሴክተሩን መጠን ይይዛል። ቡትሎደሩ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲኖረው ተደርጎ ተገንብቶ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ ከተጻፈ ፕሮግራሙ ዳታው ከ4ኛው ባይት በኋላ ይጀምራል ብሎ ያስባል፤ እውነቱ ግን ከ5ኛው በኋላ ነው። በአንድ ባይት መዛነፍ ሲአርሲው አይገጥምም። «ሲአርሲው ተበላሽቷል፣ ዲፎልቱን እየተጠቀምኩ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ንባብ ብቻ ከሆነ ጉዳት የለውም። መጻፍ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ የራሱን ዲፎልት ወስዶ፣ የተጠየቀውን አንድ ተለዋዋጭ ጨምሮ፣ በደህናው ላይ ይጽፍበታል። የማሻሻያው ስክሪፕት ማስጠንቀቂያውን ሎግ ውስጥ ቀብሮ ያልፋል፤ የመመለሻ ኮዱ ዜሮ ነውና። መሣሪያ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቀላል ፈተና ይህን ያጋልጣል፦ ቡትሎደሩ ላይ አንድ ተለዋዋጭ ማስቀመጥ፣ ሊኑክስ ላይ ማንበብ፣ ሊኑክስ ላይ መቀየር፣ ዳግም አስነስቶ ቡትሎደሩ ላይ ማንበብ፤ ይህንኑ በተከታታይ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱም ቅጂዎች እንዲነኩ።

ደህንነቱን ባጭሩ። ሲአርሲ መበላሸትን እንጂ ተንኮልን አይከላከልም። ከርነሉ በፊርማ ተረጋግጦ እየተነሳ፣ ለከርነሉ የሚተላለፈው የትእዛዝ መስመር ግን ካልተፈረመ ኢንቫይሮመንት የሚመጣ ከሆነ፣ ፍላሹን መጻፍ የቻለ ሰው ከመደበኛው መነሻ ይልቅ ሼል (ያሻውን ትእዛዝ የሚሰጥበት መስኮት) እንዲከፈትለት አንድ ቃል መጨመር ይበቃዋል። ፊርማው ያኔ ለወረቀት ነው። ዩ-ቡት ከማከማቻው የሚቀበላቸውን ስሞች የሚገድብ የፍቃድ ዝርዝር አለው፤ ነገር ግን ዲፎልቱ ክፍት ነው። መገልበጥ ያለበት ይህ ነው፤ ዝግ ሆኖ ይጀመር፣ መክፈት የፈለገ ይክፈት።

ስለዚህ ሦስቱ ይለያዩ። ስክሪፕቱና ዲፎልቶቹ ከቡትሎደሩ ቅጂ ውስጥ አይውጡ፤ ከኮዱ ጋር ይፈረሙ፣ ከኮዱ ጋር ይለወጡ። ዩ-ቡት ዲፎልቶችን በተራ የጽሑፍ ፋይል መጻፍ መፍቀዱ ለዚህ ያመቻል። ኢንጂነሩ ጠረጴዛው ላይ መቀየር ከፈለገ ይቀይር፤ ሲቀመጥ ግን ከዲፎልቱ የተለየው ብቻ ይጻፍ። ይህቺ አንዲት ለውጥ ብቻዋን መግቢያው ላይ ያለውን ችግር አብዛኛውን ታነሳለች። ማንነቱ ወደ ትንሽ ኢኢፕሮም (ለብቻው የተቀመጠ የማስታወሻ ቺፕ) ወይም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ወዳለው አንዴ ብቻ ወደሚጻፍ ቦታ ይሂድ። ወደ ዲፎልት የሚመልስ ምንም ዓይነት ትእዛዝ ሊደርስበት አይገባም።

የአነሳስ ሁኔታው ሰፋ ያለ ሐሳብ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ማከማቻ የራሱ ሕግ አለውና። ኖር ላይ የሚያዋጣው እየተጨመረ የሚሄድ መዝገብ ነው። ለአንድ መዝገብ 32 ባይት ይበቃል፦ 2 ባይት መለያ፣ 1 ባይት የአቀማመጥ ስሪት፣ 1 ባይት ዓይነት፣ 4 ባይት ተራ ቁጥር፣ 20 ባይት ዳታ፣ 4 ባይት ሲአርሲ። 4 ኪሎባይት ሴክተር 128 መዝገብ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ለሴክተሩ ራስጌ ቢሰጥ 127 ይቀራል። አንዱ ሴክተር ሲሞላ የመጨረሻው ሁኔታ ሁለተኛው ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የመጀመሪያው የሚሰረዘው። ስረዛው በ127 እጥፍ ይቀንሳል፤ በየደቂቃው የሚነሳው መሣሪያም በሁለት ሴክተሮች ከ17,000 ቀን በላይ ይቆያል። ሲነበብ ሲአርሲው ልክ ከሆነው መዝገብ ትልቁ ተራ ቁጥር ይያዛል፤ ግማሹ የተጻፈ መዝገብ ዝም ብሎ ይታለፋል። አንዳንድ አዳዲስ ኖር ፍላሾች የስህተት ማረሚያቸውን በየ16 ባይቱ ስለሚያሰሉ፣ አንዴ የተጻፈ መዝገብ ላይ ተመልሶ ቢት መቀየር አይገባም፤ 32 የተመረጠውም ለዚህ ነው።

ይህንኑ ናንድ ላይ ልሞክር የሚል ይከስራል። አንድ ገጽ ሳይሰረዝ በጥቂቱ እየተከፋፈለ ደጋግሞ መጻፍ ናንድ አይወድም፤ እዚያ ዩቢአይ (ሊኑክስ የፍላሹን ድካም የሚያከፋፍልበት ሥርዓት) የሚያስተዳድራቸው ሁለት ቮልዩሞች ይሻላሉ። ኢኤምኤምሲ ላይ ውስጣዊው ተቆጣጣሪ ድካሙን ስለሚያከፋፍል ሁለት ባለ 512 ባይት ብሎኮች፣ ተራ ቁጥር ያላቸውና ተራርቀው የተቀመጡ፣ ይበቃሉ።

ይህ መለያየት ያልተሞከረ አይደለም። የዩ-ቡት ሁለተኛ ስሪት ተብሎ ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. ባርቦክስ የተባለው ፕሮጀክት የአነሳስ ሁኔታን ከኢንቫይሮመንቱ ለይቶ፣ እያንዳንዱን ተለዋዋጭ ከነዓይነቱ ዲቫይስ ትሪ (ሃርድዌሩን የሚገልጸው ዳታ) ውስጥ ያስመዘግባል። ሊኑክስ ላይ ያለው ፕሮግራም ያንኑ ዲቫይስ ትሪ ስለሚያነብ የሚዛነፍ የማዋቀሪያ ፋይል የለም። ግሩብ የተባለው ቡትሎደር ደግሞ 1,024 ባይት ብቻ ያለው ብሎክ ይዞ ለዓመታት ዘልቋል፤ ሁኔታ ትንሽ መሆኑን የሚያሳይ ነው።

የዩኢኤፍአይ (የዘመናዊ ኮምፒውተሮች የማስነሻ ፈርምዌር ደረጃ) ተለዋዋጮች እያሉ ለምን ሌላ እንሠራለን የሚሉ አሉ። እያንዳንዱ ተለዋዋጭ ማን ሊያነበውና ሊጽፈው እንደሚችል የሚገልጽ ባሕርይ አብሮት መቀመጡ የሚወሰድ ሐሳብ ነው። መጠንን ሳይገድቡ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መልቀቅ ግን በ2013 እ.ኤ.አ. አንዳንድ የሳምሰንግ ላፕቶፖችን ዳግም እንዳይነሱ አድርጓቸዋል፤ ቦታው በተለዋዋጭ ሲጨናነቅ ፈርምዌሩ መነሳት አቃተው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፋይሎችን ሁሉ ሲሰርዝ ተለዋዋጮቹንም አብሮ የሰረዘ ትእዛዝ ማሽኖችን ሲገድል ሊኑክስ ከርነል አብዛኞቹን እንዳይሰረዙ ቆልፏቸዋል። መዝገቡ ቋሚ መጠን ይኑረው የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ቀድሞ የወጡ መሣሪያዎችን ማሸጋገር ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ማዛባት አይገባም። አዲሱ ቡትሎደር መጀመሪያ አዲሱን መዝገብ ይፈልጋል። ካጣው አሮጌውን ቋት ያነባል፤ ከተፈቀደ አጭር የስም ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ብቻ ወስዶ ወደ አዲሱ ቦታ ይጽፋል፤ የጻፈውን መልሶ ያነባል፤ «ተሸጋግሯል» የሚለውን መዝገብ የሚያሰፍረው በመጨረሻ ነው። በየትኛውም እርምጃ መሃል ኃይል ቢጠፋ በሚቀጥለው ቡት ከመጀመሪያው ይደግመዋል፤ መደገሙም ውጤቱን አይለውጥም። አሮጌው ቋት ቢያንስ ለአንድ ተከታይ ስሪት ሳይነካ ይቆይ፤ ወደ ኋላ የተመለሰ ቡትሎደር የሚያነበው እሱን ነው። ይህን የሚያምን ቡድን ካለ ሪሌይ ገዝቶ፣ የኃይል ማቋረጫ ሰዓቱን በሚሊሰከንድ እያንሸራተተ፣ ሽግግሩን በጥቂት ሺህ ጊዜ ይሞክረው። ማክ አድራሻው አንድ ጊዜ እንኳ ከጠፋ ቅደም ተከተሉ አንድ ቦታ ላይ ተዛብቷል።