እርማት፦ ልጁን ከጀልባው ጋር ማሰር አያድነውም

«የእድገት እክል ያለበት ልጅ በሸራ ጀልባ ሲሳፈር እንዳይወድቅ በቀበቶ ይታሰር» የሚለው ምክር ከአሳቢነት የመጣ ቢሆንም አደገኛ ነው። ጀልባው ከተገለበጠ የታሰረው ልጅ ከሥሩ ይቀራል፤ የተወጠረና የረጠበ ቋጠሮ ደግሞ በእጅ በቀላሉ አይፈታም። ልጁን የሚያድነው ከጀልባው ተላቆ መንሳፈፉ ነው።

ወገቡን ቀጥ አድርጎ መቀመጥ ለሚያቅተው ልጅ የጀርባና የጎን ድጋፍ ይደረግለት። ማሰሪያ የግድ ካስፈለገ በአንድ ስበት የሚላቀቅ ይሁን፤ አብሮት የሚቀመጠው ሰውም መሬት ላይ ደጋግሞ ይፍታው። ከታችኛው አካሉ ሥር ክብደት የተገጠመለት፣ መቀመጫው ዝቅ ያለ ጀልባ መምረጥም የመገልበጥን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ ግን የመንሳፈፊያ ሰደርያው ይታሰብበት። ባለ 50 ኒውተኑ (ኒውተን የማንሳፈፍ ኃይሉ መለኪያ ነው) መዋኘት ለሚችል ሰው የተሠራ ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው ፊት ወደ ላይ አይመልስም። ለማይዋኝ ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ ቢያንስ 100 ኒውተን፣ ባለ አንገትጌ ያስፈልጋል። ልኩ በልጁ ክብደት ይመረጣል፤ «ሲያድግ ይሞላዋል» ተብሎ ሰፊ አይገዛም። በእግሮቹ መካከል የሚያልፈውን ማሰሪያ ቆልፉና ሰደርያውን ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፦ ጆሮው ድረስ ከወጣ ውሃ ውስጥም ወደ ላይ ሸሽቶ ፊቱን ይሸፍነዋል።

ጥብቅ ልብስ የሚረብሸው ልጅ ከጉዞው ቀናት ቀድሞ ቤት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች እየለበሰ ይልመደው። ውሃ ዳር በግድ ማልበስ የለም፤ እምቢ ካለ የዚያን ቀን አይሳፈርም።