ማሽኑ የላሟን ሥራ አይሠራም

ነሐሴ ሲጋመስ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባሉት መናፈሻዎች የሣር ማጨጃው ጩኸት ይጀምራል። ማገጡ ሊያብብ ሲል ይታጨዳል፤ አደይ አበባውም እንቡጡን ሳይፈታ አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው ሣር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቁመት ነው። ለዓይን ያምራል፤ ቢራቢሮ ግን ምን ልታገኝበት?

ግጦሽ ጠፍቶባቸው የነበሩ ሜዳዎች ላይ ትልልቅ እንስሳትን መመለስ አውሮፓ ውስጥ እየተለመደ ነው። ቼክ ሪፐብሊክ ሚሎቪትሴ በተባለ የቀድሞ ወታደራዊ ሜዳ ከ2015 ጀምሮ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፈረስ፣ ባይሰን የተባለው ትልቅ የዱር በሬና ከብት ተሰማርቷል። ጥሩ ነው፤ ግን ሰው እንስሳውን ያይና ሥራውን ይረሳል።

እንግሊዝ ውስጥ “ትልቁ ሰማያዊ” የሚባለው ቢራቢሮ ዕንቁላሉን የሚጥለው የእኛው ጦስኝ ዘመድ በሆነ ተክል አበባ ላይ ነው። አባጨጓሬው ሁለት ሦስት ሳምንት አበባውን በልቶ መሬት ይወርዳል፤ አንድ ዓይነት ቀይ ጉንዳን የራሱ እጭ መስሎት ጎጆው ያስገባዋል። እዚያ የጉንዳኑን እጮች እየበላ አሥር ወር ያህል ይከርማል። ጉንዳኑ ደግሞ ሞቃት አፈር ይወዳል፤ ሣሩ ከ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካለፈ መሬቱ ይቀዘቅዝበትና ቦታውን ይለቃል። በ1950ዎቹ ሣሩን አሳጥረው ይበሉ የነበሩት ጥንቸሎች በበሽታ አለቁ፣ ከብት ማሰማራቱም ቀረ፣ ሣሩ ረዘመ። ቢራቢሮ ሰብሳቢዎችን ለማራቅ ያጠሩትም አጥር ከብቱን ጭምር አራቀ። በ1979 ቢራቢሮው ከአገሪቱ ጠፋ፤ ከ1983 ጀምሮ ከስዊድን የመጣው ዘሩ የተሳካለት ግጦሹ ሲስተካከል ነው።

ላም ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ትገነጥላለች፤ ፈረስ በጥርሱ ከሥሩ ይላጨዋል። ሁለቱም እበትና ፋንድያ የወደቀበትን ዙሪያ ይሸሻሉ። ስለዚህ አጭሩ ከረጅሙ አጠገብ ይሆናል፤ ፌንጣው አጭሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ወፍ ስትመጣ ረጅሙ ውስጥ ይገባል።

እበቱም ራሱ ቀለብ ነው። ዝንቡ ወዲያው ይደርሳል፣ ጥንዚዛው ይከተላል፤ አንዱ ሥሩ ይቆፍራል፣ ሌላው አድቦልቡሎ ይወስዳል። ለሆድ ትል አይቨርሜክቲን የተወጋ ከብት ግን ለሳምንታት የጥንዚዛ እጭ የሚገድል እበት ይጥላል። እንስሳ በተለቀቀ ማግስት መድኃኒት የሚሰጥ ሰው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይነጥቃል።

ከልክ ሲያልፍም ጥፋት ነው። ሆላንድ ውስጥ ኦስትቫርደርስፕላሰን በተባለው የታጠረ ቦታ ከብት፣ ፈረስና አጋዘን እጅግ በዝተው ሣሩን ምንጣፍ አደረጉት፤ በ2017/18 የብርድ ወቅት ከ3,000 በላይ እንስሳት አለቁ።

አራት ኪሎ ላይ ላም ይሰማራ አንልም። አፏን ግን መቅዳት ይቻላል። መስኩን ሦስት ቦታ ከፍሎ በየሦስት ሳምንቱ አንዱን ብቻ ማጨድ፤ ምላጩን ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፤ ነፍሳቱ ማምለጫ እንዲያገኙ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር መውጣት። የታጨደው አንድ ሁለት ቀን ይቆይና ይነሣ፤ እዚያው ከበሰበሰ አፈሩን አዳብሮ ሣሩን ያበረታል፣ ሣሩም አበባውን ይውጣል። አንዱ ክፍል ዘሩን እስኪጥል፣ እስከ ኅዳር፣ አይነካ። መሬት ውስጥ ለሚፈለፈሉ ንቦች ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው ጥቂት ራቁት አፈር ይተው።

“ዳዋ ዋጠው” የሚል ቅሬታ መምጣቱ አይቀርም። የእግር መንገዱን ዳር በአንድ ሜትር ስፋት አሳጥሮ ማጨድ በቂ ነው፤ መሐሉ የረዘመው ታስቦበት እንጂ ተረስቶ እንዳልሆነ አላፊ አግዳሚው ያያል።