ፎርማት የላፕቶፕ ጠበል ነው እንዴ?

ኧረ ወገን! "ላፕቶፔ ተንቀራፈፈ" ብሎ ጎንደር ፒያሳ የወጣ ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ።" ፎርማት ይደረጋል፣ የመመረቂያ ጽሑፉም የጥምቀት ፎቶውም አብሮ ይሄዳል፣ ማሽኑ ግን ማራኪ ሳይደርስ መጎተቱን ይቀጥላል። ተመልሶ ሲኬድ "ፕሮሰሰሩ ደክሟል፣ ሌላ ግዛ" ይባላል። ፕሮሰሰር እንደ በሬ አይደክምም! ከተጻፈለት ፍጥነት በታች ከሄደ "ቀስ በል" ያለው ነገር አለ፤ ያንን ለማወቅ ደግሞ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩን (ፕሮሰሰሩን ማለት ነው) ንኩ። "ቤዝ ስፒድ" የሚለው የተጻፈለት ነው፣ "ስፒድ" የሚለው አሁን እየሄደበት ያለው። ሥራ ፈትቶ ሳለ ቁጥሩ ቢወርድ ጤና ነው፣ ኃይል እየቆጠበ ነው። ስለዚህ ሥራ ስጡት፤ ፋይል የሚያጭቀው ሰቨን ዚፕ ካላችሁ ቱልስ ስር ያለውን ቤንችማርክ (የፍጥነት መፈተኛ) አስጀምሩና ዩቲላይዜሽኑ ወደ 100 ሲጠጋ ቁጥሩን እዩ። (በነገራችን ላይ ሻጩ "3.4 ነው" ብሎ የሰጣችሁ ኮር አይ ፋይቭ 8250ዩ ቤዙ 1.6 ጊጋኸርዝ ነው። 3.4 ቱርቦው፣ ለአጭር ጊዜ የሚደርስበት ጣሪያ ነው፤ አራቱም ኮሮች ሲሠሩ እዚያ ላይ አይቆምም። ይኼን እንደ ብልሽት አትቁጠሩት።)

ቁጥሩ 0.39 ወይም 0.79 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ግን ዊንዶውስን አትንኩት። ባትሪው ትንሽ እንደያዘ ቻርጀሩን ንቀሉት። ቁጥሩ ሽቅብ ከወጣ ሌባው ተያዘ፤ ነገሩ ከቻርጀሩ በኩል ነው።

ላፕቶፑ ዴል ከሆነ የቻርጀሩን ክብ ጫፍ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን ተመልከቱ። መሃሉ ላይ መርፌ የምታህል ፒን አለች። ኃይል የሚያልፈው በእሷ አይደለም፤ ቻርጀሩ ውስጥ ካለች ትንሽ ቺፕ "ባለ 65 ዋት ነኝ" የሚለውን መልእክት ነው የምታደርሰው። ፒኗ ከታጠፈች፣ ገመዱ አንገቱ ላይ ውስጥ ለውስጥ ከተበጠሰ ወይም ቻርጀሩ ከነጭራሹ ቺፕ ከሌለው፣ ላፕቶፑ ስንት ዋት መሳብ እንደሚችል አያውቅም። ስለማያውቅም ፕሮሰሰሩን አንቆ ይይዘዋል፣ ባትሪ መሙላቱንም ይተዋል። 19.5 ቮልቱ ግን ይመጣል፣ የቻርጀሩም መብራት ይበራል። "ቻርጀሩማ ይሠራል!" የሚባለው ለዚህ ነው። ጫፉ የሚቀያየረው "ዩኒቨርሳል" የሚሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይቺ ቺፕ የለችውም።

"መብራቱ ጉልበት አጥቶ ነው" የሚል ሰበብም አለ። የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡታ! ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። አምፖሉ ቢደበዝዝም በዚያ መሃል እስካለ ድረስ የሚያወጣው ያው 19.5 ነው። ስታቢላይዘር ለሌላ ነገር ይጠቅም ይሆናል፣ ለዚህ ግን አይደለም።

ቁጥሩ ጥሩ ጀምሮ ከደቂቃ በኋላ ከቤዙ በታች ከወረደ ሙቀት ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ጎንደር ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከ2,100 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፣ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ ጋቢ ላይ አስቀምጦ ፊልም ማየት! የጋቢው ብናኝና የበጋው አቧራ በፋኑና በመዳብ ክንፎቹ መካከል እንደ ባና ይደድራል። ከውጭ እፍ ማለት ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ክዳኑን ፍቱ፣ የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙና ያንን የደደረ አቧራ በብሩሽ አውጡ። ቴርማል ፔስቱ (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ከተሰነጠቀ በአልኮል ጠርጋችሁ የሩዝ ፍሬ የሚያህል አዲስ አድርጉ፤ ብሎኖቹን አጠገባቸው በተጻፈው ቁጥር ተራ አጥብቁ። የጥርስ ሳሙና የሚቀባውን ግን እግዜር ይይለት።

ልክ ቤዙ ላይ ቆሞ አንዲት ነጥብ አልጨምር ካለ ደግሞ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴትን እዩ። 99 ከሆነ ቱርቦው ተዘግቷል፤ 100 አድርጉት፣ አለቀ።

አንዳንዱ "ጎበዝ" ደግሞ ትሮትልስቶፕ የሚባል ፕሮግራም ጭኖ ቢዲ ፕሮክሆት (ፕሮሰሰሩን "ቀስ በል" የምትለው ማስጠንቀቂያ) የምትለዋን ምልክት ያነሣና "ሠራሁልህ" ይላል። ፍጥነቱ እውነትም ይመለሳል። ግን ማስጠንቀቂያውን ነው እንጂ ችግሩን አላነሣም፤ ቻርጀሩ 45 ዋት ብቻ ከሆነ እሱን ከአቅሙ በላይ ማሠራት ነው። የተበላሸው የሙቀት ሴንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ ይሁን፣ ቻርጀር ለመቆጠብ ግን አይሆንም።

ቻርጀር ስትገዙ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰኩት፣ ስታስነሡት ኤፍ 2 እየደጋገማችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ግቡና የአዳፕተሩን፣ ማለትም የቻርጀሩን መስመር ፈልጉ። ላፕቶፑ የሚፈልገውን ዋት፣ ለምሳሌ 65፣ ካለ ክፈሉ። አላውቀውም ካለ በሌላ ቻርጀር ሞክሩት። ያም ካልታወቀ ጥፋቱ የላፕቶፑ የቻርጀር ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ የዴል ላቲቲዩድ ሞዴሎች ላይ ደግሞ እሱ ከነገመዱ ለብቻው ተነቅሎ የሚቀየር ዕቃ ነው፣ ብየዳም አይፈልግ፣ ፎርማትም አይፈልግ።